መንግሥት የዕድል ጨዋታ ሲሸጥ፤ የሻጩና የገዢው ወሰን

በዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን የምንመለከተው ጉዳይ፣ ብዙ ሰው በየሳምንቱ የሚያደርገው፣ ነገር ግን በማኅበርም በቤተ ሰብም መካከል በግልጽ የማይወያይበት ጉዳይ ነው፤ ይኸውም መንግሥት ራሱ ባለቤት ሆኖ የሚያካሂደው የዕድል ጨዋታና በዚያ ጨዋታ የሚሳተፍ ሰው ሊጠብቀው የሚገባ ልክ ነው። እኔ ኑሮዬን በኖርዌይ ያደረግሁ፣ የመንግሥት ሀብት ከሆነው ከኖርስክ ቲፒንግ ድርጅት የሎቶ ዕጣ የመግዛት ልማድ ያለኝ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ የምናገረው ነገሩን ከሩቅ ሆኖ እንደሚያወግዝ ሰው ወይም ሸቀጡን እንደሚያወድስ ነጋዴ ሳይሆን፣ ዋጋውን ከፍሎ የሚገዛ ደንበኛ ስለሚገዛው ነገር የመመርመርና የመጠየቅ መብት አለው ብሎ እንደሚያምን ሰው ነው።

ሐሳቤን ከመነሻው በአጭሩ ላስታውቃችሁ። መንግሥት የዕድል ጨዋታን ብቻውን እንዲሸጥ የተፈቀደለት ገንዘብ እንዲሰበስብ ተብሎ ሳይሆን ሕዝቡን ከጉዳት እንዲጠብቅ ተብሎ ነው፤ ስለዚህ ዘወትር ደንበኛ የሆነ ሰው ድርጅቱን ሊመዝነው የሚገባው በሽልማቱ ብዛት ሳይሆን ወሰን በማበጀቱ ነው፤ ራሱንም ሊመዝን የሚገባው በዚሁ ሚዛን ነው። ወሰን ደግሞ የሚጸናው ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት፣ ልቡና በረጋበት ሰዓት ሲሠራ ብቻ ነው። ይህ ለምን እንደ ሆነ እንግዲህ በየተራው እንመርምር።

ዕጣ መጣል በእኛ ዘንድ እንግዳ ነገር አይደለም። መጽሐፍ ቅዱስን የሚያነብ ሰው ሐዋርያት በይሁዳ ስፍራ ማትያስን የመረጡት በዕጣ እንደ ሆነ፣ መርከበኞችም ማዕበል የተነሣባቸው በማን ምክንያት እንደ ሆነ ለማወቅ ዕጣ ቢጥሉ በዮናስ ላይ እንደ ወደቀ ያውቃል። በዓለማዊውም ኑሯችን ዕቁብ የምንጥል ሕዝብ ነን። ነገር ግን ዕቁብን ከሎተሪ የሚለየው ዐቢይ ነገር አለ። በዕቁብ ዕጣው የሚወስነው የመቀበያውን ጊዜ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያውም ሆነ የመጨረሻው ዕቁብተኛ ያዋጣውን ያህል ሳይቀነስ ይቀበላል፤ ቀድሞ የደረሰው ሰው ጥቅሙ ገንዘቡን ቶሎ መጨበጡ ነው። በሎተሪ ግን ከተሰበሰበው ገንዘብ ለአሸናፊዎች የሚመለሰው ከፊሉ ነው፤ በኖርዌይ ሎቶ ለምሳሌ ግማሽ ገደማ የሚሆነው ብቻ ወደ ሽልማት ይገባል፤ የቀረው ለድርጅቱ ሥራ ማስኬጃና ለሕዝብ ጥቅም ይውላል። እንግዲያው ገዢዎቹ ሁሉ እንደ አንድ ሰው ቢቆጠሩ፣ ያ ሰው ዕጣ በወጣ ቁጥር ከገንዘቡ ግማሹን ያጣል ማለት ነው። ሎተሪ ቁጠባ አይደለም፤ ሀብት ማፍሪያም አይደለም፤ ዋጋ ተከፍሎበት የሚገዛ የተስፋ ጨዋታ ነው። ይህን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ዋጋው ከዐቅሙ ጋር የተመጣጠነ መሆን አለመሆኑን ሊመረምር ይችላል።

የማሸነፍ ዕድሉም ምን ያህል እንደ ሆነ በቁጥር መረዳት ይገባል። በኖርዌይ ሎቶ ገዢው ከ34 ቁጥሮች 7 ይመርጣል፤ 7 ቁጥሮች ከ34 መካከል ሊመረጡ የሚችሉበት መንገድ 5,379,616 ነው፤ ስለዚህ አንድ ረድፍ የሞላ ሰው ዋናውን ሽልማት የማግኘት ዕድሉ ከ5,379,616 አንድ ነው። በየቅዳሜው አንድ ረድፍ ብቻ የሚሞላ ሰው ይህን ሁሉ መንገድ በየተራ ይዳርስ ቢባል ከ100,000 ዓመት በላይ ያስፈልገዋል። ኖርዌይ ከሌሎች የአውሮፓ አገሮች ጋር ሆና በምትሳተፍበት በዩሮጃክፖት ደግሞ ከ50 ቁጥሮች 5፣ ከ12 ቁጥሮችም 2 መግጠም ስላለባቸው ዕድሉ ከ139,838,160 አንድ ነው።

በዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንሠራው አንድ ስሕተት አለ። ወገኖቻችን ቁጥር ሲመርጡ 12ን ስለ ሚካኤል፣ 19ን ስለ ገብርኤል፣ 21ን ስለ እመቤታችን፣ 23ን ስለ ጊዮርጊስ፣ 27ን ስለ መድኃኔ ዓለም ብለው ይመርጣሉ፤ ሌሎችም በሕልም ያዩትን ወይም የልጆቻቸውን የልደት ቀን ይጽፋሉ። የሰው እምነት የከበረ ነው፤ ነገር ግን የሚሽከረከረው ኳስ የጻድቁን ቀን ከተራው ቀን አይለይም፤ ባለፈው ሳምንት የወጣው ቁጥር በሚመጣው ሳምንት የመውጣት ዕድሉ ካልወጣው ጋር እኩል ነው። ብዙ ሳምንት የቀረ ቁጥር ተራው ደርሷል ማለት ከንቱ ስሌት ነው፤ ኳሶቹ ያለፈውን የሚያስታውሱበት አእምሮ የላቸውምና። እንዲያውም የወር ቀኖችን የሚመርጥ ሕዝብ ብዙ ስለ ሆነ፣ በእነዚያ ቁጥሮች ያሸነፈ ሰው ሽልማቱን ከብዙ ሰው ጋር የመካፈል ዕድሉ የበዛ ነው። ቅዱሳንን መማጸን ለነፍስና ለሥጋ ረድኤት ነው፤ ለዕጣ ቁጥር ምስክር አድርጎ ማቆም ግን ተስፋን ከስፍራው ማውጣት ይሆናል።

አሁን ወደ ታሪኩ እንለፍ፤ ዓመታቱንና ወራቱን የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ኖርስክ ቲፒንግ በ1946 ዓ.ም. በሕግ የተመሠረተ፣ በሃማር ከተማ የተቀመጠ ድርጅት ሲሆን፣ በ1948 ዓ.ም. የእግር ኳስ ውጤት መገመቻ ወረቀት በመሸጥ ሥራውን ጀመረ፤ ሎቶንም በ1986 ዓ.ም. ጨመረ። ትርፉ በሕግ ሲከፋፈል 64 በመቶው ለስፖርት፣ 18 በመቶው ለባህል፣ 18 በመቶው ለማኅበራዊና ለሰብአዊ ሥራ ይውላል። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮም ደንበኛው ከሚከፍለው ላይ ጥቂቱ በመረጠው የአካባቢ ማኅበር ስም እንዲሄድ ማድረግ ይችላል።

ነገር ግን ለትምህርታችን የበለጠ የሚጠቅመው በሳንቲም ማሽኖች ላይ የሆነው ነው። ከ2007 ዓ.ም. በፊት በኖርዌይ የቁማር ማሽኖች በየሱቁ፣ በየኪዮስኩና በየባቡር ጣቢያው ተተክለው ነበር፤ የሚያካሂዷቸው የግል ነጋዴዎች ሲሆኑ ከትርፉ ቀይ መስቀልን የመሳሰሉ የበጎ አድራጎት ማኅበራት ብዙ ገንዘብ ያገኙ ነበር። ዓላማው በጎ፣ ገንዘቡም ለተቸገሩ የሚውል ሆኖ ሳለ ማሽኖቹ ግን ብዙ ቤተ ሰብ አፈረሱ። ስለዚህ የአገሪቱ ምክር ቤት በ2003 ዓ.ም. ማሽኖቹ ከግል እጅ ወጥተው በመንግሥት ድርጅት ብቻ እንዲካሄዱ ሕግ አወጣ፤ በ2006 ዓ.ም. የወረቀት ገንዘብ እንዳይቀበሉ ተከለከሉ፤ በሐምሌ 1 ቀን 2007 ዓ.ም. ደግሞ የቀድሞዎቹ ማሽኖች በሙሉ ከሥራ ወጡ። ከዚህ በኋላ ለችግረኛ ቁማርተኞች ወደ ተቋቋመው የስልክ መሥመር የሚደውለው ሰው ቁጥር ቀነሰ። ከዚህ የምንማረው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ገንዘቡ የሚውልበት ዓላማ መልካም መሆኑ ገንዘቡ የተሰበሰበበትን መንገድ መልካም አያደርገውም።

ይህ ሕግ ሳይከራከሩበት አላለፈም። የነጋዴዎች መብት ተነካ ተብሎ ጉዳዩ እስከ አውሮፓ ነጻ ንግድ ማኅበር (ኤፍታ) ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም በመጋቢት 2007 ዓ.ም. ለኖርዌይ ፈረደ። የፍርዱ መሠረት ግን በጥብቅ ልናስተውለው የሚገባ ነው። መንግሥት አንድን ንግድ ለብቻው መያዝ የሚችለው ለካዝናው ገቢ እንዲበዛለት ሳይሆን፣ የቁማርን ሱስ ለመግታትና ሕዝብን ለመጠበቅ በእውነት የሚሠራ ሲሆን ነው። ስለዚህ የመንግሥት ድርጅት ጥበቃውን በተወ ቀን ብቻውን የመሸጥ መብቱም መሠረት አይኖረውም። እኔ በበኩሌ ከዚያ ድርጅት የምገዛው ስለዚህ ነው፤ የምተቸውም ስለዚሁ ነው።

እንግዲህ ጥበቃው በሥራ ምን ይመስላል? አሮጌዎቹ ማሽኖች ከተወገዱ በኋላ በ2009 ዓ.ም. ሌላ ዓይነት ማሽን መጣ፤ ይህ ማሽን ሳንቲም አይጎርስም፤ የሚከፈተው በደንበኛው ስም በተመዘገበ ካርድ ብቻ ነው፤ ስለዚህም ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ሊጫወትበት አይችልም፤ ለረጅም ጊዜ ሳያቋርጥ የሚጫወት ሰውም በግዴታ ዕረፍት ያደርጋል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በድርጅቱ ጨዋታዎች ላይ አንድ ደንበኛ በወር ሊያጣ የሚችለው ገንዘብ ከ20,000 ክሮነር እንዳያልፍ የሚያግድ አጠቃላይ ጣሪያ ተበጀ፤ ደንበኛውም ከዚህ በታች የራሱን ወሰን ሳያስቀምጥ መጫወት አይችልም። ወሰኑን የሚያስቀምጠው ራሱ ነው፤ የሚያስጠብቀው ግን መዝገቡ ነው።

ይህ ሥርዐት በሰው ጠባይ ላይ የተመሠረተ ጥበብ አለው። ሰው በጨዋታ መካከል ሳለ ልቡናው ነጻ አይደለም። ከጠፋው ገንዘብ ይልቅ «ለጥቂት አመለጠኝ» የሚለው ስሜት ያቃጥለዋል፤ ከሰባቱ ቁጥሮች አምስቱ ሲገጥሙለት ወደ ሰባቱ የቀረበ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን የሚቀጥለው ዕጣ ከቀደመው ቅንጣት ያህል አይቀርብም። ከዚህም የከፋው ያጣውን ለማስመለስ መጫወት ነው፤ መቶ ያጣ ሰው መቶውን ለማዳን ሁለት መቶ፣ ሁለት መቶውን ለማዳን አራት መቶ ያወጣል፤ አባቶቻችን «ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ» እንዳሉት ድካሙ ፍሬ አይሰጥም፤ ልዩነቱ በዚህኛው ውቀጣ የቤት ኪራይና የልጆች ቀለብ አብሮ መፍሰሱ ነው። በእንዲህ ያለ ሰዓት «ይብቃኝ» የሚል ፈቃድ ከሰው ውስጥ ይፈልቃል ብሎ መጠበቅ ሰውን ከዐቅሙ በላይ ማስገደድ ነው። ስለዚህ ውሳኔው የሚሰጠው ቀደም ብሎ፣ ደመወዝና ወጪ በረጋ አእምሮ በሚሰላበት ሰዓት መሆን አለበት፤ በጨዋታው ሰዓት የሚቀረው የተወሰነውን ማክበር ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጥበቃ ሻጩ ራሱ ደንበኛውን ማነጋገሩ ነው። ድርጅቱ በመዝገቡ ውስጥ ብዙ ገንዘብ የሚያጡትን ሰዎች ስለሚያይ፣ ወደ እነርሱ ስልክ እየደወለ በዓመቱ ምን ያህል እንዳጡ ይነግራቸዋል፣ ወሰናቸውን ዝቅ ማድረግ ይሹ እንደ ሆነም ይጠይቃቸዋል። በጉዳዩ ላይ በተደረገ ጥናት ስልክ የተደወለላቸው ሰዎች ደብዳቤ ከተጻፈላቸውም፣ ምንም ካልተነገራቸውም ይልቅ ወጪያቸውን መቀነሳቸው ታይቷል። አድማጮቼ ሆይ፤ ይህን በጥሞና አስቡት። በዓለም ላይ ያለ ነጋዴ ሁሉ ብዙ የሚገዛውን ደንበኛ ስጦታ እየሰጠ ያባብለዋል፤ በዚህ ግን ሻጩ ብዙ የሚገዛውን ደንበኛ «ያጡት ገንዘብ ይህን ያህል ነው፤ ያውቁታልን?» ብሎ ይጠይቀዋል። የሕዝብ የሆነ ድርጅት ከግል ነጋዴ የሚለየው በሌላ ሳይሆን በዚህ ነው።

ሦስተኛው ጥበቃ ደንበኛው ራሱን ከጨዋታ የሚያግድበት መንገድ ነው። በዚህ ረገድ ጎረቤቲቱ ስዊድን የሠራችው ምሳሌ ሊሆን ይችላል። በስዊድን ከጥር 1 ቀን 2019 ዓ.ም. ጀምሮ ስፔልፓውስ የተባለ ብሔራዊ መዝገብ ተከፍቷል፤ ሰው በዚህ መዝገብ አንድ ጊዜ ስሙን ካስገባ ለ1 ወር፣ ለ3 ወር፣ ለ6 ወር ወይም ጊዜው ሳይወሰን ይታገዳል፤ እገዳውም የመንግሥቱን ስቬንስካ ስፔልንና ፈቃድ ያላቸውን የግል ድርጅቶች በሙሉ ይመለከታል፤ በአንዱ በር ወጥቶ በሌላው የመግባት ፈተና ይቀራል ማለት ነው። እስከ እገዳው መጨረሻም ድርጅቶቹ ለዚያ ሰው ማስታወቂያ እንዳይልኩ ተከልክለዋል።

ይህን ሁሉ ካመሰገንሁ በኋላ የምተቸውንም ልናገር፤ ምስጋና ብቻ ያለበት ምስክርነት ሙሉ አይደለምና። አንደኛ፣ አንድ እጅ እየጠበቀ ሌላው እጅ መጋበዙ ነው። የመንግሥት ድርጅት በቴሌቪዥንና በየመንገዱ ስለ ታላቁ ሽልማት ያስታውቃል፤ ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት ተጫዋቹ ወሰን ወደሌላቸው የውጭ አገር የኢንተርኔት ቁማሮች እንዳይሄድ መሳብ ያስፈልጋል የሚል ነው፤ ምክንያቱ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ነገር ግን ማስታወቂያው ስለ ሽልማቱ የሚናገረውን ያህል ስለ ዕድሉ ጥበት ካልተናገረ የጥበቃ ቃል ግማሹ ጎድሏል። ሁለተኛ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ከሚወጣ ዕጣ ይልቅ በየሰከንዱ ውጤት የሚያሳይ የስልክ ጨዋታ ሱስ የማስያዝ ኃይሉ የበረታ ነው፤ በአንዱ ውስጥ ሰው ለማሰብ ስድስት ቀን ያገኛል፣ በሌላው ውስጥ ለማሰብ ትንፋሽ አያገኝም። መንግሥት ይህን ፈጣን ጨዋታ ራሱ ሲያቀርብ ወሰኑ ከሎቶው እጅግ የጠበበ እንዲሆን ደንበኛ ሁሉ ሊጠይቅ ይገባል።

ሦስተኛ፣ የመንግሥት መሆን ከስሕተት ነጻ አያወጣም። በሰኔ 27 ቀን 2025 ዓ.ም. በዩሮጃክፖት ዕጣ ላይ ድርጅቱ ገንዘቡን ከዩሮ ሳንቲም ወደ ክሮነር ሲለውጥ በመቶ መካፈል ሲገባው በመቶ በማባዛቱ፣ በብዙ ሺህ ለሚቆጠሩ ሰዎች ያላገኙት ታላቅ ሽልማት እንደ ደረሳቸው የሚገልጽ መልእክት ላከ፤ የድርጅቱም ዋና ሥራ አስኪያጅ ሥራቸውን ለቀቁ። ባለ ሥልጣን ለስሕተቱ ኃላፊነት መውሰዱ የሚመሰገን ሥርዐት ነው፤ ነገር ግን የሐሰት ደስታ ደርሶት የተወሰደበትን ሰው ልብ የሚክስ የለምና፣ በተስፋ የሚነግድ ድርጅት ከማንም ይልቅ ጥንቃቄ ይገባዋል።

እስከ አሁን የተናገርሁት ስለ ሻጩ ነው፤ አሁን ስለ እኛ ስለ ገዢዎቹ ልናገር። ምንም እንኳ መንግሥት ጣሪያ ቢሠራ፣ ጣሪያው ለአገሩ ሕዝብ ሁሉ የተሠራ እንጂ ለአንድ ቤት ኑሮ የተለካ አይደለም። በወር 20,000 ክሮነር ማጣት ለባለጸጋ ቀላል ሊሆን ይችላል፤ በጽዳት ሥራ ወይም በአውቶቡስ ነጂነት ለሚተዳደርና ከደመወዙ ለእናቱ ወደ አገር ቤት ለሚልክ ሰው ግን ጥፋት ነው። ስለዚህ ሕግ የፈቀደው ሁሉ ለእኔ የተገባ ነው ማለት አይቻልም። ከኪራይ፣ ከቀለብ፣ ከዕቁብና ወደ ቤተ ሰብ ከሚላከው በኋላ ለመዝናኛ ከሚተርፈው ላይ፣ ቢጠፋም የማይጸጽተውን ያህል ቀንሶ ያን ብቻ ለዕጣ መመደብ የደንበኛው ምግባር ነው። በብድር ገንዘብ መጫወት፣ በአደራ ገንዘብ መጫወት፣ በዕቁብ ገንዘብ መጫወት ፈጽሞ አይገባም።

በስደት ለምንኖር ሰዎች ደግሞ አንድ የተለየ ፈተና አለ። በአገር ቤት ያሉ ዘመዶች የሚጠብቁት ብዙ ነው፤ ደመወዝ ግን በአንድ ጊዜ አያድግም፤ ስለዚህ ዕጣው ለራስ ሳይሆን ለወንድም ትምህርት፣ ለአባት ሕክምና፣ ለቤት ማሠሪያ እንደሚገዛ አድርጎ ማሰብ ይቀላል። እንዲህ ያለው ፍቅር ንጹሕ ነው፤ መንገዱ ግን የተሳሳተ ነው፤ የዕጣው ቁጥር የገዢውን በጎ ሐሳብ አይቶ አይወጣምና። በየሳምንቱ ለዕጣ የሚወጣው ገንዘብ ተጠራቅሞ ቢላክ ሳይጠረጠር ይደርሳል።

ነገሩ ከጨዋታ አልፎ ሕመም መሆኑ የሚታወቅባቸው ምልክቶች አሉ፤ አድማጮቼ ለራሳችሁም ለቅርብ ወዳጃችሁም ልብ አድርጓቸው። ሰውዬው ያወጣውን ገንዘብ ከትዳር ጓደኛው መሸሸግ ሲጀምር፣ ያጣውን ለማስመለስ ዕለቱን ሲመለስ፣ ለሌላ ጉዳይ ነው እያለ ከዘመድ ሲበደር፣ በማይጫወትበት ቀን ሲቆጣና እንቅልፍ ሲያጣ፣ የራሱን ወሰን ደጋግሞ ከፍ ሲያደርግ ጉዳዩ የፈቃድ ድክመት ብቻ አይደለም፤ ሐኪሞች በሽታ ብለው የሚያውቁትና ሕክምና ያለው ሱስ ነው። በእኛ ማኅበረ ሰብ ግን ይህ ነገር የስም ማጉደፊያ ስለሚመስል ሰው ዕዳው እስኪያንቀው ድረስ ዝም ይላል። ዝምታው ከሱሱ ይልቅ ይጎዳል። ንስሓ አባቱን ማማከር መልካም ነው፤ የሐኪምን ምክርም መያዝ ያስፈልጋል፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። በኖርዌይ የምትኖሩ ለዚህ ችግር የተቋቋመውን የስልክ መሥመር በ800 800 40 ልታገኙት ትችላላችሁ።

ይህ ነገር በአገራችንም ይመለከተናል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ሎተሪ በ1954 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር በዐዋጅ ሲቋቋም ዓላማው ለልማትና ለማኅበራዊ ሥራ የሚውል ገንዘብ ማስገኘት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የእንቁጣጣሽ ሎተሪና ቶምቦላ የከተማው ሕይወት ክፍል ሆነዋል፤ አዟሪዎቹም በየመንገዱ ዕጣቸውን ይዘው እንጀራቸውን ያገኛሉ። በአዟሪ እጅ የሚሸጥ ወረቀት የገዢው ስም የለበትምና በመዝገብ ወሰን ሊበጅለት አይችልም፤ ቢሆንም ዕጣው የሚወጣው በቀጠሮ ስለ ሆነና ሩጫ ስለሌለው አደጋው የተወሰነ ነው። በቅርብ ዓመታት የተስፋፋው የስፖርት ውርርድ፣ ሕዝቡ ቤቲንግ የሚለው፣ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ጨዋታው በየሰዓቱ አለ፤ ወጣቱ ኳስ ዐዋቂ ስለ ሆነ ዕውቀቱ የሚያሸንፍለት ይመስለዋል፤ የሚያወራርደው ድርጅት ግን የየጨዋታውን ዋጋ ሲተምን ትርፉን አስቀድሞ ከውስጡ አስገብቶ ነው። በስልክ የሚካሄድ ጨዋታ ሁሉ የገዢውን ማንነት ስለሚያውቅ፣ ኖርዌይ በመዝገብ የሠራችውን የወር ጣሪያ፣ ስዊድንም የሠራችውን የእገዳ መዝገብ ለአገራችን ልጆች መሥራት አይቻልም ማለት አያስኬድም። የሚያስፈልገው መንግሥት ፈቃድ ሲሰጥም ሆነ ራሱ ሲሸጥ፣ ከማያቆም ሰው የሚገኝ ገቢ የተባረከ ገቢ እንዳልሆነ መቀበሉ ነው።

የተከበራችሁ አድማጮቼ፤ ሎተሪ ግዙ አልላችሁም፤ አትግዙም አልላችሁም፤ ይህ ለየሰው ኅሊና የተተወ ነው። የምለምናችሁ ሦስት ነገር ነው። የሚመጣውን ዕጣ ከመግዛታችሁ በፊት በወሩ ምን ያህል እንደምታወጡ በወረቀት ጽፋችሁ፣ ያን ቁጥር በቤታችሁ ላለ ለምታምኑት ሰው ንገሩት፤ ቁጥሩ ሲሞላ አሸነፋችሁም ተሸነፋችሁም አቁሙ፤ ወዳጃችሁ ከወሰኑ ማለፉን ስታዩም ሳትንቁትና ሳታሙት ቀርባችሁ አነጋግሩት፣ ወደ ረዳቱም አድርሱት። ከመንግሥትም ዘንድ ከሽልማቱ ማስታወቂያ ይልቅ የጥበቃውን ሥራ ጠይቁ። ሰምታችሁ በተግባር ላይ እንድታውሉት እግዚአብሔር ይርዳችሁ።